ጉልበቱ የበዛ፣ አፉ የሚያስቸግር ፈረስ፦ የትኛውን ልጓም እንምረጥለት?

ኅዳር ሲገባ በጎንደርና በዙሪያዋ የፈረስ ወሬ ይጀመራል። ጥምቀት እየደረሰ ነው። ታቦት አጅቦ መውረድ አለ፣ ጉግስ አለ። ታስሮ ገብስ ሲበላ የከረመው ፈረስ ያኔ ይወጣል፤ ጣጣውም አብሮ ይወጣል። ዛቡን (ከልጓሙ ጋር የተያያዘውን፣ በእጅ የሚያዘውን ጠፍር) ስትይዙበት ይጎትታል፣ ራሱን ያወናጭፋል፣ ብረቱን ያኝካል፣ አፉን ይከፍታል፣ ቁም ሲሉት አይቆምም። ጎረቤቱም አብሮ አደጉም የፈረስ ነጋዴውም የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፦ «ጠንከር ያለ ልጓም ግዛለት»።

እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። የጉልበት ችግርና የአፍ ችግር ለየብቻ ቢሆኑ ሁለቱም መላ አላቸው። አንድ ፈረስ ላይ ሲገናኙ ግን ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያብሳል። ብረቱን ስታከብዱበት አፉ ይታመማል። አፉን ያመመው ፈረስ ደግሞ ከሕመሙ ለማምለጥ ወደ ፊት ነው የሚሮጠው፤ እናንተም ይበልጥ ትጎትታላችሁ፣ እሱም ይበልጥ ይሮጣል። በዚያ ላይ የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው ቢባልም ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከልቡ ሽምጥ ከጋለበ በክንድ ጉልበት የሚይዘው ሰው የለም፣ ምንም ዓይነት ብረት አፉ ውስጥ ቢኖር። ስለዚህ የምንፈልገው ፈረሱ ሳይፈራው የሚቀበለውን፣ ስንይዘው የሚሰማውን፣ ስንለቀው ደግሞ ወዲያው የሚያርፍበትን ልጓም ነው።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት አፉን እዩ

ፈረስ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለው። ልጓም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አጥንቱን የሸፈነው ስስ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል። አውራ ጣታችሁን በከንፈሩ ማዕዘን አስገቡና ድዱን ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ጤነኛ ከሆነ ለስላሳና እኩል ነው። ከጎረበጣችሁ፣ ካበጠ፣ ወይም ስትነኩት ራሱን ከነጠቀ ከሥር ጉዳት ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ ሁለቱ ከንፈሮች የሚገናኙበትን ማዕዘን ተመልከቱ። እዚያ ጠባሳ፣ እከክ ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ካለ ያ ፈረስ አመለኛ ሳይሆን ቁስለኛ ነው። ቁስሉ እስኪድን ምንም ብረት አታስገቡበት።

ጥርሱም አለ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድድ እየወጣና እየተፋቀ ይሄዳል። የላይኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች በጉንጭ በኩል፣ የታችኞቹ ደግሞ በምላስ በኩል ይሾላሉ። ልጓም ስትስቡ ጉንጩ በዚያ ስለት ላይ ይጫናል። አንዳንዱ ፈረስ ደግሞ ከላይኛው የመጀመሪያ የመንጋጋ ጥርስ ፊት ትንሽ ትርፍ ጥርስ ያበቅላል፤ ብረቱ እየነካ ያሳምማታል። ከ2 ዓመት ተኩል ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ገደማ ያለ ፈረስ ደግሞ ጥርስ እየቀየረ ስለሆነ አፉ ቢነጫነጭ አይፈረድበትም። ፈረሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያጋድል ከሆነ፣ ወይም ሲበላ ገለባውን እያላመጠ ከአፉ የሚጥል ከሆነ መጀመሪያ ጥርሱን ጠርጥሩ። የምንኖረው የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ነው። ልጓም ከመግዛታችሁ በፊት ለሐኪም አሳዩት፤ ጥርሱ ከተሞረደ በኋላ ችግሩ ጨርሶ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ጀርባውንም እዩ። ኮርቻው ገጣባ ያወጣበት ፈረስ ሕመሙን የሚናገረው በአፉ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ገብስና ባቄላ እየበላ ታስሮ ውሎ እሑድ ብቻ የሚወጣ ፈረስም ጉልበቱን የሚያራግፍበት ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን መኖውን ቀነስ፣ እንቅስቃሴውን ጨመር አድርጉለት። ልጓሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በምን እንመዝን?

እኔ አምስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ብረቱ የት ላይ ይጫናል? ምላስ፣ ድድ፣ ላንቃ፣ የከንፈር ማዕዘን፣ አገጭ ወይስ አናት? ሁለተኛ፣ ዛቡን ስለቅ ጫናው ወዲያው ይለቃል ወይስ ይቆያል? ፈረስ የሚማረው ስትስቡት ሳይሆን ስትለቁት ስለሆነ እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ይህን ነው። ሦስተኛ፣ ለምላሱ ቦታ ይተዋል? አራተኛ፣ አፍ ውስጥ ይንቀሳቀሳል ወይስ ረግቶ ይቀመጣል? አምስተኛ፣ እዚሁ ጎንደር ማሠራትና ማስጠገን ይቻላል?

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ራሱን የሚያወናጭፍ፣ የሚያኝክ፣ ምላሱን ከብረቱ በላይ የሚያሳልፍ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ረግቶ የሚቀመጥ ልጓም ይወዳል። በብረቱ ላይ ተደግፎ ክንዳችሁን የሚገነጥል ፈረስ ደግሞ ተቃራኒው ይሻለዋል። ብረቱ ትንሽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሚደገፍበት ነገር ያጣል። የእናንተ ፈረስ የትኛው ነው? ልጓም አድርጋችሁለት ሳትቀመጡበት ቆማችሁ እዩት። ቆሞም የሚያኝክና ራሱን የሚነቀንቅ ከሆነ ያልተመቸው ብረቱ ራሱ ነው። ቆሞ ዝም ብሎ፣ ሲጋልብ ብቻ የሚጎትት ከሆነ ነገሩ የጉልበትና የሥልጠና ነው።

ነባሩ የቀለበት ልጓም

በአገራችን ፈረሰኛ ዘንድ የቆየው ይህ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት መሐሉ ላይ ወደ ላንቃ ይቆማል፤ ከእሱ የተያያዘው ቀለበት ደግሞ በአገጩ ሥር ዞሮ የታችኛውን መንጋጋ ያቅፋል። ዛቡ ሲሳብ ላንቃም አገጭም ምላስም አንድ ላይ ይያዛሉ። ፈረሱ ባለበት ቀጥ ይላል።

ያለ ምክንያት አልተሠራም። በጉግስ ፈረሰኛው ዘንግም ጋሻም ይይዛል። ለዛቡ የሚተርፈው የአንዷ እጅ ጣቶች ናቸው፤ በእነሱ ብቻ ድንገት ማቆምና መመለስ አለበት። ልምድ ባለው እጅ ይህ ልጓም ብዙውን ጊዜ ሳይሳብ ላልቶ ነው የሚውለው፤ ፈረሱ የክብደቱን ለውጥ ብቻ ሰምቶ ይታዘዛል። ችግሩ እጁ ሌላ ሲሆን ነው። ዛብ ይዞ ሚዛኑን የሚጠብቅ ጀማሪ በዚህ ልጓም የፈረሱን ላንቃ ያቆስላል። አፉ አስቀድሞ ለሚያስቸግር ፈረስ እኔ አልመርጠውም። የግድ ከሆነም የቆመው ብረት አጭርና ጫፉ የደነዘ፣ ቀለበቱም ሰፋ ያለ ይሁን።

ባለ አንድ መገጣጠሚያ

ከውጭ ከሚመጡት በብዛት የሚታየው ይህ ነው፤ ሁለት ብረት መሐል ላይ የተቆላለፈ፣ ግራና ቀኝ ቀለበት ያለው። ዋጋው መለስተኛ ነው፣ የእኛ ቀጥቃጭም ይሠራዋል። «ለስላሳ» ይባላል እንጂ ሁልጊዜ ለስላሳ አይደለም። ሁለቱ ዛብ እኩል ሲሳቡ መሐሉ ይታጠፍና ምላሱን ይጨምቃል። ላንቃው ዝቅ ያለ ፈረስ ከሆነ ማጠፊያው ላንቃውን ሊነካው ይችላል። ብረቱ ከአፉ ሲሰፋ ደግሞ ይህ ይብሳል። ዛብ ሲነካ ራሱን ወደ ሰማይ የሚሰቅል ፈረስ ካላችሁ ከዚህ ልጓም አውጡትና ልዩነቱን እዩ።

ባለ ሁለት መገጣጠሚያ

መሐል ላይ አንድ ትንሽ ማያያዣ ተጨምሮበታል። ያቺ ትንሽ ብረት ምላሱ ላይ ትተኛለች፤ ሁለቱ ጎኖች የአፉን ቅርጽ ይከተላሉ። መሐሉ እንደ መጀመሪያው ስለማይሾል ጫናው ይከፋፈላል። ስትለቁት ቶሎ ይለቃል። ግራና ቀኙን ለየብቻ ማናገር ስለሚቻል ጉልበተኛውን ፈረስ በክብ እያዞሩ ማብረድ ይመቻል። የሚሮጥን ፈረስ ደግሞ ቀጥታ ከመጎተት ይልቅ እየጠበበ በሚሄድ ክብ ማዞር ነው የሚያበርደው።

የመሐሏ ማያያዣ ክብ ወይም ሞላላ፣ ጠርዟ የደነዘ ትሁን። ጠፍጣፋና ጠርዙ ቆሞ ምላስ ላይ የሚያርፍ ዓይነት አለ፤ እሱን አትግዙ። የጎን ቀለበቶቹ ከብረቱ ጋር ወጥ ሆነው ሲሠሩ ልጓሙ ይረጋል፣ የከንፈሩን ቆዳም አይቆነጥጥም። በቀዳዳ ውስጥ የሚዞሩ ከሆኑ ይንቀሳቀሳል፤ ያ ለሚደገፈው ፈረስ ነው። ለአብዛኛው ጉልበተኛና አፉ አስቸጋሪ ፈረስ መጀመሪያ የምሞክረው ባለ ሁለት መገጣጠሚያውን ነው፣ ቀለበቱ ወጥ የሆነውን።

መገጣጠሚያ የሌለው ወጥ ብረት

ትንሽ ቀለስ ብሎ ለምላስ ቦታ የሚተው አንድ ወጥ ዘንግ ነው። አይታጠፍም፣ አይቆነጥጥም፣ ረግቶ ይቀመጣል። ባለ መገጣጠሚያውን ሁሉ እያኘከ ለሚያስቸግር ፈረስ እረፍት ነው። ከብረት፣ ከጎማ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። ድክመቱ ሁለት ነው። ግራና ቀኙን ለይቶ ለማዘዝ አይመችም፤ ጉልበተኛው ፈረስ ደግሞ ሊደገፍበት ይችላል። ለጋሪ ፈረስ ግን ጥሩ ነው፤ ባለጋሪው ከኋላ ሆኖ በረጅም ዛብ ስለሚይዝ የረጋ ብረት ይመቸዋል።

ብዙ ሰው ወፍራም ብረት ሁሉ ለስላሳ ይመስለዋል። የከንፈሩን ማዕዘን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ምላሱ አፉን ሞልቶ በጥርሶቹ መካከል ወጣ ካለ ወፍራም ብረት አፉን አያስገጥመውም። ለእንዲህ ያለው 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ከ10 ሚሊ የቀጠነውንና እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን ግን ለማንም ፈረስ አልመክርም፤ ይቆርጣል።

ክንድ ያለው ልጓም

ፔልሃምና የመሳሰሉት ናቸው። ዛቡ የሚታሰረው ከአፍ ብረቱ በታች በወረደ ክንድ ላይ ሲሆን በአገጭ ሥር ሰንሰለት ያልፋል። ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ከአፍ ብረቱ በላይ ያለው ክንድ 5 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዛቡ ላይ በ1 ኪሎ ስትስቡ ሰንሰለቱ አገጩን በ2 ኪሎ፣ ብረቱ አፉን በ3 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ክንዱ በረዘመ ቁጥር ይህ ይጨምራል። ስለዚህ አጭር ክንድ ምረጡ።

ጉልበቱን ለመያዝ ከነባሩ የቀለበት ልጓም በቀር ከሁሉም ይሻላል፣ በአንድ እጅም ይሠራል። የአፍ ብረቱ ወጥ ሆኖ ቀለስ ያለ ከሆነ አፉ የሚያስቸግር ፈረስም ሊቀበለው ይችላል። ፔልሃም ሁለት ዛብ ያስገባል፤ የላይኛውን ሁልጊዜ ያዙ፣ የታችኛውን ሲያስፈልግ ብቻ። ሰንሰለቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳይጠማዘዝ ይተኛ፤ ክንዱ ወደ ኋላ 45 ዲግሪ ገደማ ሲዘነብል መያዝ ይጀምር። ከዚያ ቀድሞ ከያዘ ጠብቋል። እጁ ላልተረጋጋ ሰው አይሰጥ።

ከዚህ ቤተሰብ ብረቱን ወደ ላይ እየሳበ በአናት በኩል ወደ ታች የሚጫን ዓይነትም አለ። ፈረሱን በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነገር ስለሚያዘው እኔ ትቼዋለሁ።

አፍ ውስጥ ምንም የማይገባበት

አፍንጫው ላይ በሚያርፍ ጠፍር የሚያዝ ነው። አፉ ለቆሰለ ወይም ጥርስ እየቀየረ ላለ ፈረስ መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል፤ ኮርቻ ሠሪ ቆዳ ካለው በርካሽ ይሠራዋል። ጠፍሩ አፍንጫው ላይ ለስላሳው ሥጋ ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ ይረፍ፤ ከወረደ ትንፋሹን ያፍናል። ብረት የሚጨመርበትና ረጅም ክንድ ያለው ዓይነት ግን የአፍንጫ አጥንት ሊጎዳ ስለሚችል ለስላሳ አይባልም። ጉልበተኛን ፈረስ በዚህ ይዞ ሕዝብ መሐል መግባት አይገባም። በሜዳ፣ በታጠረ ቦታ ለማሠልጠን ግን ግሩም ነው።

| ዓይነት | የሚጫነው | ጉልበት ለመያዝ | አፉ ለሚያስቸግር | ወጪና አገኛኘት |
|---|---|---|---|---|
| ነባሩ የቀለበት | ላንቃ፣ አገጭ፣ ምላስ | በጣም ኃይለኛ | አይመከርም | ርካሽ፣ እዚሁ |
| ባለ አንድ መገጣጠሚያ | ምላስ፣ ድድ፣ አንዳንዴ ላንቃ | መካከለኛ | እንደ ፈረሱ | ርካሽ፣ እዚሁ |
| ባለ ሁለት መገጣጠሚያ | ምላስና ድድ ተከፋፍሎ | መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ፣ በትእዛዝ |
| ወጥ ብረት | ምላስ | ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | ርካሽ፣ እዚሁ |
| አጭር ክንድ ያለው | አፍ፣ አገጭ፣ አናት | ከፍተኛ | በተረጋጋ እጅ ብቻ | ውድ፣ ከውጭ |
| የአፍንጫ ጠፍር | አፍንጫ | ዝቅተኛ | ለቆሰለ አፍ ተመራጭ | ርካሽ፣ ኮርቻ ሠሪ |

ለማን የትኛው?

ጉግስ ለሚጫወት፦ ልምምዱን በባለ ሁለት መገጣጠሚያ ሥሩ። አንድ እጅ ግድ ሲሆን አጭር ክንድ ያለው፣ የአፍ ብረቱ ወጥ የሆነ ልጓም ጨምሩ። ሽግግሩን ለጥር የመጀመሪያ ሳምንት አታቆዩት፤ ጥር 11 ሕዝቡ፣ እልልታውና ከበሮው ባለበት ፈረስ አዲስ ብረት የሚለምድበት ቀን አይደለም። ኅዳር ላይ ጀምሩ። ፈረስ በስሙ መቃብር በሚጠራለት ከተማ ነው የምንኖረው፤ በጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ያለችውን የዞብልን ማለቴ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ አፉ የደማ ፈረስ በበዓል ቀን መታየቱ ያሳዝነኛል።

ለባለጋሪ፦ ወጥ ብረት። ብር ካጠረ ያለውን ለስላሳ ቀጥ ያለ ብረት በካላማዳሪ ጎማ ጠቅልሉት። ጎማው እኩል ይጠቅለል፣ ቋጠሮው ከአፍ ውጪ ይሁን፣ ሲበላ ወዲያው ይቀየር። በፌሮ የተሠራ፣ ጥርስ ጥርስ ያለውን ብረት ግን ሳይጠቀለል አታስገቡ፤ አንድ ቀን ጋሪ ሲጎትት ከዋለ ከንፈሩን ይልጠዋል።

ለጀማሪ ጋላቢ፦ ክንድም የቀለበት ልጓምም አይሆንም። እጁ እስኪረጋጋ ባለ ሁለት መገጣጠሚያ ይያዝ። በወገራ ወይም በዳባት ዳገት ቁልቁለት ረጅም መንገድ ለሚሄድም ይኸው ይበቃል። እዚያ ጠዋት ስለሚበርድ ብረቱን ከማስገባታችሁ በፊት በእጃችሁ አሙቁት፤ በረዶ የሆነ ብረት አፉን ለማያምነው ፈረስ ሌላ ምክንያት ነው።

ቀጥቃጭ ወይም ብየዳ ቤት የምታሠሩ ከሆነ ይህን ንገሩት፦ ውፍረቱ ከ14 እስከ 16 ሚሊ፣ ለስላሳ ብረት፣ ከተገኘ ስቴንለስ፣ ብየዳው አፍ ውስጥ በሚገባው ክፍል ላይ የማይወጣ፣ መጨረሻ ላይ በሞረድ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለ። ስትረከቡ ጥጥ በጥሳችሁ ብረቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሂዱት። ጥጡን የያዘ ቦታ ሁሉ ከንፈርም ይይዛል። መልሱለት፣ ያስተካክለው። ቀለም የተቀባ ብረትም አትቀበሉ፤ አፉ ውስጥ ይላጣል።

ልኩና ሙከራው

አብዛኛው የአገራችን ፈረስ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ስለሆነ ለትልልቅ ፈረስ የተሠራ ብረት ይሰፋበታል። ለስላሳ ገመድ በአፉ አሳልፋችሁ ከከንፈር እስከ ከንፈር ለኩ። ቀለበቱ ወጥ ከሆነ በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ፣ የሚዞር ከሆነ 5 ሚሊ ጨምሩ። የጉንጩን ጠፍር የከንፈሩ ማዕዘን አንድ ሁለት ትንሽ እጥፋት እስኪያሳይ ድረስ አሳጥሩት። ከዚያ በታች ከላላ ምላሱን ከብረቱ በላይ ማሳለፍ ይለምዳል፤ ይህ ልማድ ደግሞ ከያዘው በቀላሉ አይለቅም። አፉን እንዳይከፍት ብላችሁ አፍንጫውን አጥብቃችሁ አትሰሩ፤ በአፍንጫ አጥንቱና በጠፍሩ መካከል ሁለት ጣት ይግባ።

አዲሱን ልጓም ስታስገቡ መጀመሪያ ሳትጋልቡ ጥቂት ቀን በእጅ አዙሩት። ብረቱን በተውሶ ከሰው ፈረስ አምጥታችሁ ከሆነ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ የፈረስ በሽታ በልጓም ይተላለፋል። ከዚያ በእርምጃ፣ በሶምሶማ፣ መጨረሻ ላይ በግልቢያ ሞክሩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ብረቱን በጸጥታ ላመጥ ላመጥ ካደረገ፣ ከንፈሩም ላይ ትንሽ አረፋ ከታየ ተስማምቶታል። ጥርሱን ካፋጨ፣ አፉን ከከፈተ ወይም አንገቱን ካደነደነ ሌላ ጥቂት ቀን ስጡት። ካልተለወጠ ወደ ወጡ ብረት፣ እሱም ካልሆነ ወደ አፍንጫ ጠፍሩ ውረዱና ሐኪሙን እንደገና ጥሩ።